ፉጨት ያስከተለው ደም

የመድረክ ሰው ከደራሲና ከሠዓሊ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ደራሲ መጽሐፉ ሲተች ቤቱ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል፤ ሠዓሊም ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዘወር ማለት ይችላል። ተዋናይ ግን ለትችት የሚያቀርበው የገዛ ቁመቱን፣ የገዛ ድምፁን፣ የገዛ አረማመዱን ነው። «ጨዋታህ አላማረም» ሲሉት «አንተ አላማርህም» ያሉት ያህል ይሰማዋል። ስለዚህም በቴአትር ታሪክ ውስጥ ተዋንያን ለሐያስያን የሰጧቸው መልሶች አንዳንዱ ብልኀት፣ አንዳንዱ ቁጣ፣ አንዳንዱም ደም ያለበት ሆኖ ይገኛል።

ከብልኀተኞቹ ወገን እንግሊዛዊው ዴቪድ ጋሪክ ይጠቀሳል። ጋሪክ እ.ኤ.አ. በ1744 ለንደን ውስጥ በድሩሪ ሌን ቴአትር ቤት የሼክስፒርን ማክቤዝ ሊጫወት ሲዘጋጅ ተቺዎቹ ምን ሊሉት እንደሚችሉ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሰውየው አጭር ነው፤ ማክቤዝ ደግሞ የጦር አበጋዝ። እናም ስሙን ሳይገልጽ ስለ ትወና የምትናገር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመና ራሱን ጉድለት የሞላበት የዘመኑ ተወዳጅ ተዋናይ እያደረገ አብጠለጠለው። በቁመቱ ሳይቀር ቀለደበት። ሌሎች ሊወረውሩት ያዘጋጁትን ድንጋይ ቀድሞ ለቀመው ማለት ነው። ይህን እኛ አገር «ግለ ሒስ» ብንለው የደርግን ዘመን ስብሰባዎች ያሳለፉ አንባብያን ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ የጋሪክን ግለ ሒስ ግን ያዘዘው ሊቀ መንበር አልነበረም፤ ለገዛ ጥቅሙ ያደረገው ነው።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በዚያው በማክቤዝ ላይ የተጋጩት ሁለት ተዋንያን ግን እንዲህ ባለ ቀልድ አልታደሉም። አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ቻርልስ ማክሪዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 የተወለደ፣ ራግቢ በተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት የተማረና ሕግ አጥንቶ ጠበቃ የመሆን ሐሳብ የነበረው ሰው ነው። የቴአትር ቤት ሥራ አስኪያጅ የነበረው አባቱ በዕዳ ሲያዝ ሳይወድ በግዱ መድረክ ላይ ወጣ። ከሞተ በኋላ የታተመው የዕለት ማስታወሻው በሙያው ምን ያህል ያፍር እንደነበር ይመሰክራል። ሲተውን ግን አሳቢ ነው፤ አንዱን ቃል ከሌላው በዝምታ እየለየ፣ የገጸ ባሕርዩን ልቡና እየመረመረ ይጫወታል። ጨዋ ይምሰል እንጂ ቁጣውን መግታት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1836 የድሩሪ ሌኑን ሥራ አስኪያጅ አልፍሬድ በንን ቢሮው ድረስ ሄዶ በመደብደቡ ፍርድ ቤት አንድ መቶ ኀምሳ ፓውንድ አስከፍሎታል።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ኤድዊን ፎሬስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 ፊላዴልፊያ ውስጥ ተወለደ፤ መድረክ ላይ የወጣው በ14 ዓመቱ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ባቱ የጠበደለ፣ ድምፁ ቤት የሚያናውጥ ነበር። የኒውዮርክ ሠራተኛ ሕዝብ እንደ ልጁ ያየው ነበር፤ እሱም ለአገሩ ተቆርቋሪ ነበርና ጀግናው የአሜሪካ ቀደምት ተወላጅ የሆነበት ተውኔት ለሚጽፍለት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1828 ሽልማት አቀረበ። «ሜታሞራ» የተባለው ዝነኛ ተውኔት የመጣው በዚህ መንገድ ነው። አሜሪካ በፖለቲካ ነጻ ከወጣች ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፋት ቢሆንም በመድረኳ ላይ የነገሡት ገና እንግሊዛውያን ነበሩና፣ የፎሬስት መነሣት ለወገኖቹ ከቴአትር በላይ የሆነ ትርጉም ነበረው።

ፎሬስት እ.ኤ.አ. በ1836 ለንደን ሄዶ ሲጫወት ተወደደ፤ በማግሥቱም ዓመት እንግሊዛዊት አገባ። ማክሪዲም በቤቱ ጋብዞታል። በ1845 ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠበት። ማክቤዝን ሲጫወት ከተመልካቹ መካከል ፉጨት ተሰማ። እዚህ ላይ ፉጨት የምንለው፣ በዚያ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ተመልካች ቅር መሰኘቱን የሚገልጽበትን፣ በጥርስ መሐል ትንፋሽን እያሾለኩ እንደ እባብ «እስስ» የማለት ልማድ ነው። ጋዜጦቹም ጨከኑበት። ከሁሉ ያመረረው «ኤግዛሚነር» የተባለው ሳምንታዊ ነበር። የዚህ ጋዜጣ የቴአትር ሐያሲ ጆን ፎርስተር ደግሞ የማክሪዲ የቅርብ ወዳጅ ነው።

ፎሬስት ነገሩን አገናኘው። «ጋዜጣው የሚናገረው በማክሪዲ አፍ ነው» ብሎ ደመደመ። ማክሪዲ ሐያስያኑን ለማነሣሣቱ ማስረጃ አልተገኘም፤ ማስታወሻውም እንዲህ ያለ ሤራ አያሳይም። ነገር ግን የተተቸ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሒሱ ይልቅ የሐያሲውን ወዳጆች መቁጠር ይቀለዋል። ጋዜጣው «ድምፅህ በዝቷል፣ አእምሮህ አንሷል» ብሎት እንደሆነ መመርመር አንድ ነገር ነው፤ ጋዜጠኛው ከማን ጋር ራት እንደበላ መመርመር ሌላ። ፎሬስት ሁለተኛውን መረጠ። ስሕተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው ባይ ነኝ።

በመጋቢት ወር 1846 (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ማክሪዲ ኤድንበራ ከተማ ሐምሌትን ይጫወት ነበር። ንጉሡና ባለሟሎቹ ተውኔት ለማየት ሲመጡ ሐምሌት እብድ መምሰል ያለበት ቦታ አለ። ማክሪዲ ይህን ቦታ መሐረቡን ከራሱ በላይ እያውለበለበ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ያሳየው ነበር። በዚህ መሐል ከአንድ ሰገነት ረጅምና ጥርት ያለ ፉጨት ወጣ። ዞር ብለው ሲያዩ ፎሬስት ነው።

ጉዳዩ የጋዜጣ ወሬ ሲሆን ፎሬስት አልካደም። ለ«ታይምስ» ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ፣ ያ የመሐረብ ጭፈራ ለሐምሌት የማይገባ ስለመሰለው ማፏጨቱን አመነ፤ በዚያው ምሽት ደስ ባሰኙት ቦታዎች ማጨብጨቡንም ገለጸ። ከዚያም አልፎ ተመልካች ስሜቱን የሚገልጽባቸው ሁለት ሕጋዊ መንገዶች እንዳሉ፣ እነሱም ጭብጨባና ፉጨት መሆናቸውን፣ ጭብጨባ ለጥሩ ተዋናይ ዋጋው እንደሆነ ሁሉ ፉጨትም ለመድረክ ጥፋት መድኀኒት መሆኑን አስረዳ። ክርክሩን ለብቻው ያየው ሰው ጥሩ ክርክር ነው ይላል። ማጨብጨብ ብቻ የተፈቀደለት ተመልካች አጨብጫቢ እንጂ ተመልካች አይደለም። ችግሩ ይህን መብት የተጠቀመበት የሙያ ባልደረባና ባላንጣ መሆኑ ነው፤ ከዚያም የባሰው ይህ መብት በሌሎች እጅ ሲገባ የት ላይ እንደሚቆም ፎሬስት አለማሰቡ ነው።

ማክሪዲ በ1848 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ነገሩ ተከትሎት ሄደ። ፊላዴልፊያ ላይ እንቁላል ወረወሩበት። እሱም ከመድረክ ላይ ሆኖ አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ በኤድንበራ ያደረገበትን ለሕዝቡ ተናገረ። በማግሥቱ ፎሬስት በጋዜጣ መለሰ፤ ማፏጨቱን አረጋግጦ፣ አድማ ማስነሣቱን ክዶ፣ ማክሪዲን የጃጀ ሽማግሌ ብሎ ዘለፈው። ሲንሲናቲ በተባለችው ከተማ ደግሞ ሐምሌትን ሲጫወት የታረደ በግ ግማሽ አካል መድረኩ ላይ ተወረወረ። አሁን ስለ መሐረቡም ሆነ ስለ ትወናው የሚናገር የለም።

የኒውዮርክ ሁኔታ ለእሳት የተዘጋጀ ጭድ ነበር። ማክሪዲ የሚጫወትበት አስቶር ፕሌስ ኦፔራ ቤት የተከፈተው በ1847 ሲሆን ባለጠጎች ከግልገል ቆዳ የተሠራ ጓንት አጥልቀው የሚገቡበት ቤት ነው። ጓንት መግዛት የማይችለው ሠራተኛ ቤቱን እንደ ስድብ ቆጠረው። ከረኀብ ሸሽተው የመጡት አይሪሾች እንግሊዝን ይጠላሉ፤ የአሜሪካ ተወላጅ ነን ባዮቹ ደግሞ እንግሊዝንም አይሪሾችንም ይጠላሉ። በሌላ ቀን እርስ በርስ የሚፈነካከቱት እነዚህ ወገኖች በማክሪዲ ላይ አንድ ሆኑ።

ግንቦት 7 ቀን 1849 (ይኸም በእነሱ አቆጣጠር ነው) በአንድ ምሽት፣ በአንድ ከተማ ሦስት ማክቤዞች ታዩ። አንዱን ማክሪዲ፣ ሁለተኛውን ብሮድዌይ ቴአትር ቤት ፎሬስት፣ ሦስተኛውን ባወሪ ቴአትር ቤት ቶማስ ሃምብሊን ነበር የሚጫወቱት። ማክቤዝን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ሁሉ ወደ መጨረሻው ላይ ንጉሡ ሐኪሙን እንግሊዞቹን ከአገር የሚያስወጣ መድኀኒት ታውቃለህን ብሎ የሚጠይቅበትን ቦታ ያስታውሳል። ፎሬስት እዚህ ላይ ሲደርስ ተመልካቹ በሙሉ ብድግ ብሎ ጮኸ። በአስቶር ፕሌስ ደግሞ እንቁላል፣ ድንች፣ የሚገማ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ፣ በኋላም ወንበሮች ከላይኛው ሰገነት ይዘንቡ ጀመር። ማክሪዲና ጓደኞቹ ድምፃቸው ስላልተሰማ በምልክት ብቻ እየተወኑ እስከ ሦስተኛው ገቢር ገፉና አቋረጡ።

ማክሪዲ አገሩ ሊመለስ ወሰነ። ታዲያ 47 የከተማው ታዋቂ ሰዎች ፈርመው «አትሂድ፤ ጸጥታ እናስከብራለን» ሲሉ ለመኑት። ከፈራሚዎቹ መካከል ዋሽንግተን ኧርቪንግና ከሁለት ዓመት በኋላ «ሞቢ ዲክ»ን ያሳተመው ኸርማን ሜልቪል ይገኙበታል። የእነዚህ ሰዎች አቋም ሊናቅ አይገባውም፤ ለመስማት ገንዘቡን የከፈለ ተመልካችም መብት አለው። ነገር ግን የቆሙት ለቴአትር ብቻ ነው ወይስ ለጓንቱም ጭምር ብሎ የጠየቀ ሠራተኛ ቢኖርም አይፈረድበትም። በከተማው ግድግዳዎች ላይ ይህችን ከተማ የሚገዛት እንግሊዝ ነው ወይስ አሜሪካ የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

ግንቦት 10 ማታ ከአሥር ሺህ የማያንስ ሕዝብ ኦፔራ ቤቱን ከበበ። በአቅራቢያው የፍሳሽ ቦይ ይቆፈር ስለነበር ድንጋይ በሽበሽ ነው፤ መስኮቶቹ ተሰባበሩ። ሥልጣን ከያዘ ገና ቀናት የሆነው ከንቲባ ዉድኸል ፖሊሱ እንደማይበቃው ስላሰበ ሰባተኛው ሬጅመንት የሚባለው ሚሊሻ ተጠርቶ ነበር። ወታደሮቹም በድንጋይ ተመቱ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠ ቢባልም በዚያ ጩኸት ማን ይሰማል? መጀመሪያ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ ባዶ ጥይት መሰለው። ቀጥሎ ወደ ሰው ተተኮሰ። የሞቱት ቢያንስ 22 ናቸው፤ ቁጥሩን እስከ 31 የሚያደርሱት አሉ። ብዙዎቹ ከጠቡ ያልነበሩ፣ ምን እንደተፈጠረ ለማየት የቆሙ ሰዎች ናቸው። ውስጥ ማክሪዲ ማክቤዝን እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ጨረሰ። ልብሱን ለውጦ ከሚወጣው ተመልካች ጋር ተቀላቀለና አመለጠ፤ በቦስተን በኩል አድርጎ ወደ አገሩ ተሳፈረ።

የአስከሬን መርማሪው ሸንጎ የመንግሥት ሰዎች የተኮሱት ተገደው ነው አለ። ከአድመኞቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ደራሲና ጋዜጠኛ ጀድሰን፣ በብዕር ስሙ ኔድ በንትላይን፣ አንድ ዓመት እስራትና 250 ዶላር ተፈረደበት። ፎሬስትን የጠየቀው ፍርድ ቤት የለም። እርግጥ ነው፣ ድንጋይ አልወረወረም፤ ወርውሩም አላለም። ይሁን እንጂ በነዚያ ሳምንታት ለወዳጆቹ በግልጽ «ተዉት» ቢል ኖሮ እሱን የሚሰማው ሕዝብ ብዙ ነበር። ያለው ግን «የጃጀ ሽማግሌ» ነው።

በዚያው በአሜሪካ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ ሌሎች የመድረክ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ፍርድ ቤት አዞሩ። አዮዋ ከተባለው ክፍለ ግዛት የገጠር ቀበሌ የመጡት የቼሪ እህትማማቾች ዘፈንና ድራማ የተቀላቀለበት የራሳቸውን ትርዒት ይዘው ይዞሩ ነበር። ትርዒቱ እጅግ መጥፎ ከመሆኑ የተነሣ ሰው ጎመንና ካሮት ይዞ ሊወረውርባቸው ይገባ ነበር ይባላል። በ1896 ዝነኛው ኦስካር ሃመርስታይን ኒውዮርክ ድረስ አስመጣቸው። ጥሩ ነገር አቅርቦ የከሰረ ሰው፣ መጥፎውን ልሞክር ብሎ ነው። እነሱ ግን አይቀልዱም፤ ከልባቸው ነው የሚዘፍኑት። እ.ኤ.አ. በ1898 አንድ የአገር ቤት ጋዜጣ ዕድሜያቸውን፣ እጃቸውን፣ እግራቸውን፣ ድምፃቸውን ሳይቀር እያነሣ አዋረዳቸው፤ ጽሑፉን «ደ ሞይን ሊደር» ሲያወጣው በስም ማጥፋት ከሰሱት። የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1901 የሰጠው ውሳኔ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ራሱን ለሕዝብ ለማሳየት መድረክ የወጣ ሰው ትርዒቱ የሚገባው ከሆነ ሊተች፣ ሊሳለቁበትም ይችላል፤ ጸሐፊው በክፋት መነሣቱ ካልተረጋገጠ በቀር አይጠየቅም አለ።

ፍርዱን እቀበለዋለሁ። ዳኛ ሐያሲን መቅጣት ከጀመረ ነገ የሚቀጣው ስለ ባለሥልጣን ዘፈን የጻፈውን ነው። ጽሑፉን ግን ሒስ ለማለት ይከብደኛል። የሴት እጅ መቅጠኑን መናገር ስለ ዘፈኗ ምን ያስረዳል? ፍርድ ቤቱ የጸሐፊውን መብት ጠበቀ እንጂ ጽሑፉን ጥሩ ነው አላለም፤ ይህን ልዩነት የዘነጉ ሐያስያን ከዚያም ወዲህ አልጠፉም። ለነገሩ እህትማማቾቹ ተሸንፈውም መዝፈናቸውን አላቋረጡም።

ወደ ሁለቱ ባላንጣዎች ስንመለስ፣ አስቶር ፕሌስ ኦፔራ ቤት ከዚያ በኋላ አልቀናውም። የሰው ደም የፈሰሰበት ቤት ተብሎ በቅጽል ስም መቀለጃ ሆነ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ለቤተ መጻሕፍት ተሸጠ። ማክሪዲ በየካቲት 1851 በድሩሪ ሌን መድረኩን ተሰናበተ፤ ለስንብቱ የመረጠው ማክቤዝን ነበር። ጠልቶት የኖረውን ሙያ ትቶ ከሃያ ዓመት በላይ በጡረታ ኖረ። ፎሬስት ግን በየፍርድ ቤቱ ከሚስቱ ጋር በፍቺ ሲከራከር ባጀ፤ በዚሁ ጉዳይ የጠላውን ደራሲ ኤን. ፒ. ዊሊስን በ1850 ኒውዮርክ አደባባይ ላይ በአለንጋ ገረፈው። ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ አልከዳውም፤ እሱ ግን እየመረረው ሄደ።

በታኅሣሥ 1872 ፊላዴልፊያ ውስጥ ሲሞት ሀብቱን አብዛኛውን የተወው አርጅተው ለተቸገሩ ተዋንያን መጦሪያ እንዲሆን ነው። ቤቱ በ1876 ተከፈተ። ኑዛዜው በዚያ ቤት በየዓመቱ የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ እንዲነበብ ያዛል፤ የእንግሊዛዊው የሼክስፒር ልደትም እንዲከበር ያዛል።