ወርቅ ቅብ ቁጥር

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የታላቅ እህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። «ጋሼ፣ ወርቃማው ምጥጥን ያልከኝ ቁጥር ትዝ ይልሃል?» አለችኝ። ፎቶግራፏን ለአንድ የስልክ ፕሮግራም ሰጥታው ኖሯል፤ ፕሮግራሙም በዓይኖቿ፣ በአፍንጫዋና በአገጯ ላይ መስመር አስምሮ ከአሥር 6.8 ሰጥቷታል። ምክንያቱም ከሥሩ ሰፍሯል፦ የአፍንጫዋ ስፋት የውበት ሕግ ከሆነው 1.618 ጋር አልተስማማም። እየሳቀች ነው ያሳየችኝ፤ ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ አላለፈም።

ቁጥሩን ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት የሱፍ አበባ እያሳየሁ «ይህ የፈጣሪ ፊርማ ነው፤ ያማረ ነገር ሁሉ በዚህ ልክ የተሠራ ነው» ብያት ነበር። ከየት እንዳገኘሁት አልጠየቀችኝም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ሰምቼ የወደድኩትን ነበር የነገርኳት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከፊሉ ታሪክ፣ ከፊሉ ንስሐ ነው።

ቁጥሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ሸንበቆ ይዘን ለሁለት እንቁረጠው። ሙሉው ሸንበቆ ከረጅሙ ቁራጭ ጋር ያለው ምጥጥን፣ ረጅሙ ቁራጭ ከአጭሩ ጋር ካለው ምጥጥን ጋር አንድ እንዲሆን ከፈለግን፣ ረጅሙ ቁራጭ 61.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አጭሩ 38.2 ገደማ መሆን አለበት። ረጅሙን በአጭሩ ስናካፍል 1.618 ብሎ የሚጀምርና የማያልቅ ቁጥር ይወጣል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ቁጥር የሚነገረው ግን ብዙ ነው። ግሪኮች ፓርተኖን የተባለውን ቤተ መቅደስ በዚህ ልክ አነጹት ይባላል፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሞናሊዛን በዚህ ልክ ሣላት ይባላል። የሥራ ባልደረቦቼም በየቀኑ ለደንበኛ የምንሰጠው የኤ.ቲ.ኤም. ካርድ ወርቃማ ነው ሲሉኝ ኖረዋል። የካርዱ ርዝመት 85.6 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 53.98 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲካፈል 1.586 ይሰጣል። ቅርብ ነው፤ በባንክ ቤት ግን «ቅርብ ነው» ተብሎ ሒሳብ አይዘጋም።

እንግዲህ የፓርተኖንንም ሒሳብ እንመርምር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤተ መቅደሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ባሉት ዓመታት ታነጸ። ዓምዶቹ የቆሙበት ወለል ርዝመቱ 69.5 ሜትር፣ ወርዱ 30.9 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 9 ለ4 ማለት ነው እንጂ 1.618 ለ1 አይደለም። ይህን አቆራረጥ በግልጽ ተርጉሞ ጽፎ የምናገኘው ዩክሊድ የኖረው ደግሞ በ300 ገደማ፣ ሕንፃው ካለቀ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዩክሊድም ቢሆን ስለ ውበት አንድ ቃል አልተነፈሰም። አቆራረጡን የፈለገው አምስት እኩል ጎን ያለውን ቅርጽ ለመሥራት ነው። ወርቅም አላለው።

ስለ ቁጥሩ ያነበብኩትን ታሪክ ሁሉ አስደንጋጭ ያደረገብኝ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሉካ ፓቾሊ የተባለ የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኩሴ። በኮሌጅ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ስማር ስሙን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰምቼው ነበር። በ1494 በቬኒስ ባሳተመው ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ፣ ዛሬ እኛ ዴቢትና ክሬዲት እያልን እያንዳንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ የምንመዘግብበትን ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት ያብራራው እርሱ ነው። ፈጣሪው አልነበረም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች ቀድመው ይሠሩበት ነበር። መነኩሴ ነውና ነጋዴው የመጀመሪያውን መዝገቡን በመስቀል ምልክት እንዲጀምር ይመክራል፤ የእኛ አባቶች ብራናቸውን «በስመ አብ» ብለው እንደሚጀምሩት ማለት ነው። እኔ ዓመታት ሙሉ እንጀራዬን የበላሁበትን ሥርዓት የጻፈው እጅና ያን የምወደውን ቁጥር «መለኮታዊ» ብሎ የሰየመው እጅ አንድ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ፓቾሊ በ1496 ወደ ሚላኖ ሄደ፤ በዚያም በመስፍኑ በሉዶቪኮ ስፎርዛ ቤት ከሊዮናርዶ ጋር ተዋወቀ። ስለዚህ ምጥጥን የሚናገረውን መጽሐፍ በ1498 ጨርሶ በ1509 በቬኒስ አሳተመው፤ የጠጣር ቅርጾቹን ሥዕሎች የሣለለት ሊዮናርዶ ነው። ቁጥሩን መለኮታዊ ያሰኘው ምክንያት ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም። ምጥጥኑ አንድ ነው፤ ነገር ግን በሦስት መጠኖች፣ ማለትም በሙሉው፣ በረጅሙና በአጭሩ መካከል ይኖራል፤ በዚህም ሥላሴን ይመስላል። በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ተደርጎ ሊጻፍ ስለማይችልም፣ በቃል ተነግሮ የማያልቀውን አምላክ ይመስላል። ይህን ሳነብ የቅኔ መምህር የሰማሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ይሁን እንጂ ይኸው መነኩሴ ስለ ሕንፃና ስለ ሰው አካል ሲጽፍ መለኮታዊ ያለውን ቁጥር ወደ ጎን ትቶ፣ የጥንቱን ሮማዊ መሐንዲስ የቪትሩቪየስን ቀላል ክፍልፋዮች ይዟል። ሊዮናርዶ በክብና በአራት ማዕዘን ውስጥ እጁን ዘርግቶ የቆመውን ሰው የሣለውም በ1490 ገደማ፣ ከፓቾሊ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ሲሆን፣ ልኬቱን የወሰደው ከዚያው ከቪትሩቪየስ ነው፦ ከአገጭ እስከ አናት የቁመት አንድ ስምንተኛ፣ ከአገጭ እስከ ፀጉር መነሻ አንድ አሥረኛ። ሞናሊዛንማ ተዉት። ሣጥኑን ከፀጉሯ መነሻ እንጀምረው ወይስ ከግንባሯ? ወፍራም ብዕር የያዘ ሰው የፈለገውን ያገኛል።

ታዲያ ወርቁን ማን ቀባው? ጀርመኖች ናቸው፤ ያውም ትናንት በሚባል ጊዜ። «ወርቃማ ቁርጥ» የሚለው ስያሜ በኅትመት የሚታወቀው ማርቲን ኦም በ1835 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ይህ ሰው በኤሌክትሪክ ትምህርት ስሙን የምናውቀው የጌዎርግ ኦም ወንድም ነው። በ1854 አዶልፍ ሳይዚንግ ተነሣና እምብርት የሰውን ቁመት በዚህ ልክ ይከፍላል፤ ይህም ምጥጥን በተፈጥሮም በኪነ ጥበብም የሚገዛ አጠቃላይ ሕግ ነው ብሎ ዐወጀ። የውበት ሕግ የምንለው ነገር እንዲህ ተወለደ። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዋዜማ መሆኑ ነው። በ1876 ጉስታፍ ፌሽነር አሥር ዓይነት አራት ማዕዘኖችን ለሰዎች አቅርቦ የቱ ደስ እንደሚላቸው ጠየቀ፤ ሲሶ ያህሉ ወርቃማውን መረጡ። ከእርሱ በኋላ ሙከራውን የደጋገሙት ሁሉ ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም። ፌሽነር ራሱ በየቤተ መዘክሩ የተሰቀሉ ሥዕሎችን ሲለካ ደግሞ አግድሞቹ ወደ 4 ለ3፣ ቋሚዎቹ ወደ 5 ለ4 የሚጠጉ ሆነው ተገኙ። ሠዓሊዎቹ ስለ ሕጉ አልሰሙም ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለቁጥሩ «ፋይ» የሚለው የግሪክ ፊደል ምልክት ሲመረጥለት ፊደሉ የተወሰደው የፓርተኖንን ቅርጻ ቅርጽ ከመራው ከፊዲያስ ስም ነው። ስያሜው ራሱ ምስክር ሆኖ ቆመ ማለት ነው።

አንዳንዶች ሕጉን ሰምተው አውቀው ሠሩበት፤ ይህን መካድ አይገባም። ሳልቫዶር ዳሊ በ1955 የጨረሰው የመጨረሻው እራት ሥዕል 267 በ166.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ታስቦ የተደረገ። መሐንዲሱ ለ ኮርቢዚየም በ1940ዎቹ የሕንፃ መለኪያ ሲያዘጋጅ እምብርቱ 113፣ ቁመቱ 183 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው አሰበ። መጀመሪያ 175 ነበር ያለው፤ ኋላ 183 ያደረገው በእንግሊዞች የወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ መልከ መልካሞቹ፣ ለምሳሌ ፖሊሶቹ፣ ሁልጊዜ ስድስት ጫማ ናቸው ተብሎ ነው። እህቴ ልጅ ይህን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። የሰው ልጅ ሁሉ የሚለካበት ሰው ከልብ ወለድ ወጥቶ፣ ወንድ ሆኖ፣ ቁመቱ ከአባቷ በልጦ ሲገኝ ማን ያምናል?

እኔም ብሆን በዚህ ሕግ አንድ ግጥም ገድያለሁ። ሃያ አንድ ስንኝ አድርጌ፣ ሐሳቡን በአሥራ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሰብሬ፣ 21 ለ13 ሲካፈል 1.615 መሆኑን እያሰብኩ ጻፍኩት። ለመሙላት ስል የጨመርኳቸው ሦስት ስንኞች ዛሬም ሳያቸው ያሳፍሩኛል። የወል ቤታችን ስድስት ስድስት ቀለም ነው፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት። ሁለቱም ልክ ከመካከላቸው ይሰበራሉ። አልቃሿም አዝማሪውም ሰውን የሚያስለቅሱት በዚህ እኩል በተቆረጠ ሐረግ ነው፤ እኩል መቆረጡ ምን አጎደለበት?

የሚያስገርመው ግን ቁጥሩ ከግጥም ጋር እውነተኛ ዝምድና ያለው መሆኑ ነው። ዝምድናው ያለው በሕንድ ነው። በሳንስክሪት ስንኝ ውስጥ አጭር ቀለም አንድ ምት፣ ረጅም ቀለም ሁለት ምት ይቆጠራል። የዜማ ሊቃውንቱ ታዲያ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ አራት ምት ያለውን ስንኝ በስንት ዓይነት ማዋቀር ይቻላል? ረጅሙን «ረ» አጭሩን «አ» ብንለው፦ ረረ፣ ረአአ፣ አረአ፣ አአረ፣ አአአአ፤ አምስት ዓይነት። ለአምስት ምት ስምንት ነው፤ ለስድስት ምት አሥራ ሦስት። ምክንያቱም ማንኛውም ስንኝ የሚያልቀው ወይ በአጭር ወይ በረጅም ነውና፣ በአጭር የሚያልቁት ካንድ ምት በፊት የተቆጠሩት፣ በረጅም የሚያልቁት ከሁለት ምት በፊት የተቆጠሩት ናቸው፤ ሁለቱን መደመር ነው። ቪራሃንካ የተባለው ሊቅ ቀደም ብሎ ዐውቆታል፤ ሄማቻንድራም በ1150 ገደማ ጽፎታል። 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34 እያለ ይሄዳል። አንዱን ከእርሱ በፊት ባለው ስናካፍል እየዋለ እያደረ ወደ 1.618 ይጠጋል።

እነዚህን ቁጥሮች ዓለም የሚያውቃቸው ግን በጣልያናዊው በፊቦናቺ ስም ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ አባቱ የጉምሩክ ሹም ሆኖ በሚሠራበት፣ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ በምትገኘው በቢጃያ ከተማ የሕንድን አኃዞች ተማረ። በ1202 የጻፈው መጽሐፍ ስለ ገንዘብ ምንዛሪና ስለ ሸቀጥ ዋጋ በሰፊው የሚያስተምር ነው፤ በመካከሉ በአንድ ዓመት ስለሚራቡ ጥንቸሎች አንድ እንቆቅልሽ አስገባ፤ መልሱም 377 ጥንድ ነው። የጥንቸሎቹ ቁጥሮች ወደ ወርቃማው ምጥጥን እንደሚጠጉ እርሱ አልጻፈም። እንግዲህ ይታያችሁ፤ አንዱ የስንኝ ቆጣሪ፣ አንዱ የገንዘብ ቆጣሪ።

ሱፉስ? ስለ ሱፉ አልዋሸኋትም። በሱፍ አበባ ራስ ላይ የፍሬዎቹን ጥምዝ መስመሮች ብትቆጥሩ ብዙውን ጊዜ በአንድ በኩል 34፣ በሌላው 55 ታገኛላችሁ። ያሳሳትኳት «ፊርማ ነው» ባልኩት ላይ ነው። ተክሉ አዲስ እምቡጥ ሲያወጣ የሚያወጣው ከቀደሙት የተሻለ ስፍራ ባለበት ነው። እያንዳንዱ እምቡጥ ከቀደመው 120 ዲግሪ፣ ማለትም ሲሶ ዙር እየተሽከረከረ ቢወጣ ኖሮ ሁሉም በሦስት ሰልፍ ተደርድረው በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይተርፍ ነበር። 1.618 ግን ለየትኛውም ክፍልፋይ በቀላሉ የማይጠጋ ቁጥር ስለሆነ፣ ከእርሱ የሚወጣው 137.5 ዲግሪ ሰልፍ አያሠራም፤ ሁሉም ቦታ ያገኛል። በ1992 ዱዋዲና ኩዴ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ሕይወት የሌላቸውን ማግኔታዊ ጠብታዎች ዘይት ባለበት ሳሕን ላይ በየተራ ቢያንጠባጥቡ፣ ጠብታዎቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ያንኑ የሱፍ ጥምዝ ሠሩ። ሰሙ ጌጥ ነው፤ ወርቁ አለመጨናነቅ። ተክል ሁሉ ይህን አይታዘዝም፤ በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ የምናየው የናውቲለስ ቅርፊት እንኳ በአንድ ሙሉ ዙር ሦስት እጥፍ ገደማ ሲሰፋ፣ ወርቃማው ጥምዝ ግን ወደ ሰባት እጥፍ ይሰፋል።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ከመንገድ ዳር አንድ አናናስ ገዝቼ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ የእናቷን የጥፍር ቀለም አመጣችና የቅርፊቱን ዓይኖች በሰልፍ በሰልፍ እየነካካች ቆጠረች። ወደ ቀኝ የሚወጡት ስምንት ሆኑ። ወደ ግራ የሚወጡትን ስትጨርስ ቀና ብላ «አሥራ ሁለት ነው፣ ጋሼ፤ እዚህም አልሠራልህም» አለችኝ፤ ደስታዋን አልደበቀችም። እኔም ሳይሆን ይቀራል ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ አናናሱን ገለበጠችውና ከቅጠሉ ሥር ቀለም ያልነካው አንድ ሰልፍ አገኘች። አሥራ ሦስት። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ፕሮግራሙን አጥፍታው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እናቷ ቢላዋ ይዛ መጥታ «ደግሞ ፍሬውን በጥፍር ቀለም ለቅልቃችሁ ልታበሉን ነው?» ብላ ተቆጣችን፤ ቅርፊቱንም ወፈር አድርጋ ላጠችው።