ቶማስ ኮህለር፤ ከመንሸራተቻው እስከ ሹመቱ ወንበር

የስፖርተኛ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በሜዳልያው ቍጥር ነው። ወርቁ ስንት፣ ብሩ ስንት ተብሎ ይቈጠርና መዝገቡ ይዘጋል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ሐሰት ባይሆንም ጐዶሎ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምሥራቅ ጀርመኑን የቶማስ ኮህለርን ታሪክ የመረጥነው ይህን ጐዶሎነት ገልጦ ስለሚያሳይ ነው። ኮህለር በሉዥ ስፖርት ብቻውንም፣ ከጓደኛው ከክላውስ ቦንዛክ ጋር ጥንድ ሆኖም ዓለምን ያሸነፈ ሰው ነው፤ በኋላ ደግሞ የሀገሩን ስፖርት ከሚያስተዳድሩት ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ ሆነ። ፊተኛውን ክፍል አንሥቶ ኋለኛውን መተው ተገቢ አይመስለንም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

አስቀድሞ ስለ ስፖርቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሉዥ ማለት ከሥሩ ሁለት ብረቶች ያሉት ዝቅተኛ መንሸራተቻ ነው። ተወዳዳሪው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በበረዶ በተለበጠ ጠመዝማዛ ቦይ ቍልቍል ይወርዳል። ሞተር የለውም፤ ፍሬንም የለውም። መሪው የሰውዬው አካል ነው፤ በእግሩ መንሸራተቻውን እየተጫነ፣ ትከሻውንም ወደ አንድ ወገን እያጋደለ አቅጣጫውን ይይዛል። በጥንዶች ውድድር ሁለት ሰዎች በአንድ መንሸራተቻ ላይ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ይተኛሉ። ከላይ ያለው መንገዱን ያያል። ከታች ያለው ግን መንገዱ በደንብ አይታየውምና የባልደረባውን እንቅስቃሴ በሰውነቱ እያዳመጠ ይሠራል። ከታች ያለው ከላይ ያለውን ካላመነ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ኮህለር በ1940 በሳክሰን ግዛት በትስቪካው ከተማ ተወለደ። ጦርነቱ ሲያበቃ ያ አገር በሶቪየት ሠራዊት ሥር ወደቀ፤ በ1949 ጀርመን ለሁለት መንግሥታት ስትከፈል ኮህለር ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። በነሐሴ ወር 1961 የበርሊን ግንብ ተሠራ። በተከታዩ ዓመት በ1962 በፖላንድ በክሪኒጻ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ኮህለር በነጠላ ውድድር አንደኛ ወጣ። መንግሥታቱ በግንብ ቢለያዩም፣ ከ1956 እስከ 1964 በተደረጉት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ሁለቱ ጀርመኖች በአንድ ቡድን ይሰለፉ ነበር። በ1964 ባንዲራቸው ጥቍር፣ ቀይና ወርቅማ ሆኖ በመካከሉ አምስቱ የኦሊምፒክ ቀለበቶች ነበሩበት፤ ሲያሸንፉም በብሔራዊ መዝሙር ፈንታ የቤትሆቨን ዜማ ይሰማላቸው ነበር።

ሉዥ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው በዚያው በ1964 በኢንስብሩክ ነው። ጅምሩ በኀዘን የተነካ ነበር፤ ጨዋታው ከመከፈቱ በፊት የብሪታንያው ተወዳዳሪ ካዚሚየርዝ ካይ ስክርዚፔኪ በልምምድ ላይ ሞተ። በወንዶች ነጠላ ውድድር ኮህለር ወርቁን፣ ቦንዛክ ብሩን፣ የምዕራብ ጀርመኑ ሃንስ ፕሌንክ ነሐሱን ወሰዱ። በአራት ጊዜ መውረድ በኮህለርና በቦንዛክ መካከል የነበረው ልዩነት የአንድ ሴኮንድ ከመቶ 27 እጅ ብቻ ነበር። እነዚህ ተፎካካሪዎች ናቸው በኋላ በአንድ መንሸራተቻ ላይ የተኙት። በ1967 በስዊድን በሃማርስትራንድ ኮህለር በነጠላ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ በጥንዶችም ከቦንዛክ ጋር አሸነፈ።

በ1968 በግሬኖብል ጨዋታ ሁለቱ ጀርመኖች ቡድናቸውን ለይተው መጡ፤ ባንዲራውና ዜማው ግን ገና የጋራ ነበር። የሉዥ ውድድሩ የተደረገው በቪያር ደ ላንስ ነው። እዚያም ታላቅ ክርክር ተነሣ። በሴቶች ውድድር አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ሆነው የነበሩት ሦስቱ የምሥራቅ ጀርመን ልጆች፣ ኦርትሩን ኤንደርላይን፣ አና ማሪያ ሙለርና አንጌላ ክኖዝል፣ የመንሸራተቻቸውን ብረት አሙቀዋል ተብለው ከውድድሩ ተሰረዙ። የሞቀ ብረት በረዶውን በስሱ እያቀለጠ ስለሚያንሸራትት ፍጥነት ይጨምራል፤ ደንቡም ይከለክለዋል። ወርቁ ለኢጣልያዊቷ ለኤሪካ ሌክነር ተሰጠ። የምሥራቅ ጀርመን ሹማምንት ነገሩ የምዕራቦች ተንኰል ነው ብለው ከሰሱ።

በወንዶች ነጠላ ውድድር፣ በአየሩ ምክንያት ሦስት ጊዜ ብቻ ተወርዶ፣ የኦስትሪያው ማንፍሬድ ሽሚት ኮህለርን የአንድ ሴኮንድ ከመቶ 18 እጅ ቀደመው፤ ቦንዛክ ሦስተኛ ሆነ። በጥንዶች ግን ኮህለርና ቦንዛክ በ1 ደቂቃ ከ35.85 ሴኮንድ ወርቁን አገኙ። ሽሚትና ኤቫልድ ቫልኽ ሁለተኛ፣ የምዕራብ ጀርመኖቹ ቮልፍጋንግ ቪንክለርና ፍሪትስ ናኽማን ሦስተኛ ወጡ። እንግዲህ በዚያ የሽልማት ሰገነት ላይ እርስ በርስ የማይተማመኑ የሁለት መንግሥታት ልጆች ቆመው ለወርቁም ለነሐሱም የተሰቀለው አንድ ዐይነት ባንዲራ ነበር። ይህ የመጨረሻው ሆነ፤ በ1972 እያንዳንዱ በገዛ ባንዲራው ቀረበ።

ኮህለር ውድድር ካቆመ በኋላ የሀገሩን የሉዥ ቡድን አሠለጠነ። ዘመኑም ተለወጠ። በ1969 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ገንዘቡን ብዙ ሜዳልያ በሚያስገኙ ስፖርቶች ላይ ብቻ እንዲያውል ወሰነ፤ ቅርጫት ኳስንና የውሃ ፖሎን የመሳሰሉት ሲጣሉ ሉዥ ከተመረጡት ወገን ሆነ። ፍሬው በ1972 በሳፖሮ ታየ። ከዘጠኙ የሉዥ ሜዳልያዎች ስምንቱን ምሥራቅ ጀርመን ወሰደች። በግሬኖብል የተሰረዘችው አና ማሪያ ሙለር ወርቁን አገኘች፤ ቦንዛክም ከቮልፍራም ፊድለር ጋር በጥንዶች ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ ጨመረ።

ኮህለር ከዚያ በኋላ ወደ አስተዳደሩ ከፍ ብሎ፣ በ1980ዎቹ ዓመታት በማንፍሬድ ኤቫልድ የሚመራው የጀርመን ጂምናስቲክና ስፖርት ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። ይህ ማኅበር ከመንግሥቱና ከፓርቲው ጋር ሆኖ የሀገሪቱን ስፖርት የሚያዝ ነበር። በ1974 ኀይል ሰጪ መድኀኒቶችን ለስፖርተኞች ማደል ምስጢራዊ የመንግሥት ዕቅድ ሆኖ ጸድቆ ነበር፤ ከብዙዎቹ መካከል ገና ልጆች የሆኑ ሴቶች ክኒኑን ቪታሚን ነው እየተባሉ ዋጡት። ጀርመን በ1990 ከተዋሐደች በኋላ መዝገቦቹ ተከፈቱ። በ2000 የበርሊን ፍርድ ቤት ኤቫልድን በሴት ስፖርተኞች አካል ላይ ለደረሰው ጕዳት ተባባሪ ነው ብሎ በገደብ እስራት ቀጣው፤ በ2002ም ለተጐዱት ካሣ የሚሰጥበት ሕግ ወጣ።

ኮህለር ራሱ በ2010 «የሜዳልያው ሁለት ገጽ» የሚል ትርጕም ያለው መጽሐፍ አሳትሞ መድኀኒቱ ይታደል እንደ ነበር አመነ። ነገር ግን ስፖርተኞቹ ዐውቀውና ፈቅደው ነው የወሰዱት ሲል ተከራከረ። ተጐጂዎች ይህን አጥብቀው ተቃወሙት።

የኮህለር ወርቆች የ1964ና የ1968 ስለሆኑ በ1974 በጸደቀው ዕቅድ መመዘን የለባቸውም። ለአሸናፊነቱ የሚገባውን ክብር መንፈግ የታሪክን ቅደም ተከተል ማፋለስ ነው። የሹመቱ ዘመን ግን በወርቁ አይሸፈንም፤ «ዐውቀው ፈቀዱ» የሚለውም መልስ አያጠግብም። በጥንዶች መንሸራተቻ ከታች የሚተኛው ከላይ ያለውን የሚያምነው አደጋው የሁለቱም ስለሆነ ነው፤ ቢገለበጡ አብረው ይገለበጣሉ። በስፖርቱ አስተዳደር ግን ከላይ የነበሩት መንገዱን እያዩ፣ ከታች የነበሩት በእምነት ሲወርዱ፣ አደጋው የደረሰው ከታች ባሉት አካል ላይ ብቻ ነው። ፈቃድ የሚባለው ነገሩ ለተነገረው ሰው ነው፤ ቪታሚን ነው የተባለች ልጅ ምንም አልፈቀደችም።

ስለዚህ የስፖርት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሜዳልያውን ከቈጠረ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይጨምር፤ መንገዱን ያየው ማን ነበር? የወደቀውስ ማን ነው?