ባለሙያዎቹ የፈሩት ድቀትና ሕዝቡ ያልፈራው

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1929 የዬል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኢርቪንግ ፊሸር የአክሲዮን ዋጋ ከእንግዲህ ከማይወርድበት ከፍታ የደረሰ ይመስላል ብለው ሲናገሩ፣ ለዎል ስትሪት ውድቀት የቀሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ስሕተት ብዙ ተብሏል፤ እኔን የሚከነክነኝ ግን ተከትሎ የመጣው ነው። ገበያው ሲናወጥ ተንባዮቹ ራሳቸው የሚሉት ጠፋቸው። ክርስቲና ሮመር በ1990 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ የነገ ገቢው ያጠራጠረው ቤተሰብ ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ ዕቃዎችን መግዛቱን ለጊዜው አቆየው። ዳቦ አይቆይም፤ መኪና ግን ይቆያል። በአሜሪካ በ1929 ከ5 ሚሊዮን በላይ የነበረው የተሽከርካሪ ምርት በ1930 ወደ 3 ሚሊዮን 400 ሺህ ገደማ አሽቆለቆለ።

እንግዲያውስ ሊቃውንቱ ሲያመነቱ ሕዝቡም ያመነታል ልንል ነው። የ1945 ታሪክ ግን ይህን አያጸናልንም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወታደር ሊሰናበት፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችም ሊዘጉ ተቃርበው ነበር። ፖል ሳሙኤልሰን ገና በ1943 ስለ ብርቱ ሥራ አጥነት አስጠንቅቀዋል፤ የዋሽንግተን ባለሙያዎችም የሥራ አጡ ቁጥር በ1946 እስከ 8 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ተነበዩ። ስሌታቸው ከጦርነቱ በፊት በገቢና በፍጆታ መካከል በነበረው ዝምድና ላይ የቆመ ነበር። በየቤቱ የተከማቸውን የጦርነት ቦንድና የባንክ ተቀማጭ፣ ከ1942 መባቻ አንሥቶ አዲስ መኪና ያጣውንም ሸማች በቅጡ አላሰቡትም።

በዚህ መካከል በሃንጋሪ የተወለዱት የሥነ ልቦና ምሁር ጆርጅ ካቶና ቀላል የሚመስል ነገር አደረጉ፤ ሕዝቡን ራሱን ጠየቁት! በ1946 ለአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በተካሄደው ጥናት፣ ብዙው ቤተሰብ ስለ ራሱ ኑሮ ተስፋ እንደነበረውና ለመግዛት እንዳሰበ ታወቀ። (የሚያስገርመው፣ ይህን ለመጠየቅ ያን ያህል ዘመን መፍጀቱ ነው።) የዚያ ዓመት ሥራ አጥነት 4 በመቶ ገደማ ላይ ቆመ።

ታዲያ ትንበያው ያለ ዋጋ አላለፈም። ድቀቱን በመስጋት ጭምር ኮንግረሱ በ1945 መገባደጃ ግብር ቀነሰ፤ በ1946 ደግሞ የዋጋ ቁጥጥሩ ፈረሰ። ያጠራቀመውን ይዞ ገበያ የወጣው ቤተሰብ የጠበቀው የተተነበየው ድቀት ሳይሆን፣ በ1947 14 በመቶ የደረሰ የዋጋ ንረት ነበር።