የኳጋ አምስት ፎቶግራፎች



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ የማወጋችሁ እንስሳ ግን ስሟን ያወጣላት መልአክ ሳይሆን የገዛ ጉሮሮዋ ነው። በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ የኮይኮይ ሕዝቦች የሜዳ አህያ ወገን የሆነችውን ይህችን እንስሳ ስትጮኽ ሰምተው፣ ጩኸቷን አስመስለው «ኳጋ» አሏት። ከራሷና ከአንገቷ ጀምሮ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር ናት፤ ወደ ወገቧ ሲደርስ ግን መስመሩ እየደበዘዘ ይጠፋና የኋላ አካሏ ቡናማ ይሆናል። ሠዓሊ ጀምሯት ቀለም ያለቀበት ትመስላለች።

ዛሬ ኳጋ የለችም። በሕይወት ሳለች ፎቶግራፍ የተነሣችው ኳጋ አንዲት ብቻ ስትሆን፣ የታወቁት ፎቶግራፎቿም አምስት ናቸው። የዚህች አጭር ጽሑፍ መነሻ እነዚህ አምስት ፎቶግራፎች ናቸው፤ ጥያቄዋም የእንስሳት ፎቶግራፍ ምን ያስቀራል፣ ምንስ ያመልጠዋል የሚል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ነው። የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር በሪጀንትስ ፓርክ የእንስሳት ማቆያውን የከፈተው ደግሞ ከዚያ 11 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1828 ነበር። ሁለቱ ለመገናኘት ብዙ አልቆዩም። በ1850 ኦባይሽ የተባለ ግልገል ጉማሬ ከግብፅ ለንደን ገባ። የተያዘው በነጭ ዐባይ ላይ በምትገኝ በዚሁ ስም በምትጠራ ደሴት ነው። የላከው የግብፁ ገዥ አባስ ፓሻ ሲሆን፣ በለውጡ የአደን ውሾችን ተቀብሏል። በ1852 የሞንቲዞን ቆንት የተባሉት ስፔናዊ መኳንንት ይህንኑ ጉማሬ ፎቶግራፍ አነሡት። በምስሉ ላይ ጉማሬው በገንዳው ዳር ተጋድሟል፤ ከብረቱ አጥር ባሻገር ተመልካቾች ተደርድረው ቆመዋል። ምስሉን ትኩር ብሎ ላየው፣ በብረት ውስጥ የታሰሩት ሰዎቹ፣ በነፃነት የተኛው ጉማሬው ይመስላል።

ጉማሬው መጋደሙ ለፎቶግራፍ አንሺው ታላቅ ዕድል ነበር። በዚያ ዘመን ሥራው የሚከናወነው በመስተዋት ላይ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው መስተዋቱን ኮሎዲዮን የተባለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባዋል፤ ቀጥሎ በጨለማ ውስጥ በብር ጨው ውሕድ ይነክረዋል፤ ከዚያ ገና እርጥብ ሳለ ካሜራው ውስጥ አግብቶ ብርሃን ያሳየዋል፤ ሳይደርቅም ወደ ጨለማው መልሶ ያጥበዋል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ መጠናቀቅ ስላለበት፣ የጨለማ ክፍሉ ወይም ድንኳኑ ከእንስሳው ብዙ መራቅ አይችልም። ብርሃኑን ለመቀበል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰከንዶች ይፈጃል። ሰው «አትንቀሳቀስ» ቢሉት ይሰማል፤ አውሬ ግን ለማን ብሎ ይቆማል? ጅራቱን ቢወዘውዝ ጅራቱ በምስሉ ላይ ጭስ ይሆናል፤ ራሱን ቢያዞር ሁለት ራስ ያወጣል፤ ፈጽሞ ቢሄድ ባዶ በረት ይቀራል።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው ፍራንክ ሄዝና ፍሬድሪክ ዮርክ የተባሉት እንግሊዛውያን ከ1863 እስከ 1870 ባለው ጊዜ ውስጥ የለንደኗን ኳጋ ያነሧት። ማቆያው የገዛት በ1851 ሲሆን የሞተችው በ1872 ነው። በምስሎቹ ላይ በጎኗ ቆማ ትታያለች፤ ሰው ለምዳለች፤ አትሸሽም። ሁለቱ ሰዎች የዓለም የመጨረሻ ምስክሮች እንደ ሆኑ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ለእነሱ ከዝሆኑ፣ ከቀጭኔውና ከጉማሬው ጋር የምትነሣ አንዲት የሜዳ አህያ ነበረች።

በዚያው ጊዜ በደቡብ አፍሪካ ሜዳዎች ሌላ ታሪክ ይፈጸም ነበር። የአውሮፓ ሰፋሪዎች ኳጋን ለሥጋዋና ለቆዳዋ ያድኗት ነበር፤ የበጎቻቸውን ሣር ትሻማለችም ብለው ይገድሏት ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ በዱር የነበሩት አለቁ። ነሐሴ 12 ቀን 1883 ደግሞ በአምስተርዳም አርቲስ በተባለው የእንስሳት ማቆያ ትኖር የነበረች አንዲት ኳጋ ሞተች። ከእሷ በኋላ ሌላ አልታየችም። በዕለቱ ግን የዝርያው መጨረሻ መሆኗን ያስተዋለ አልነበረም።

ይህን የመሰለ ጥፋት እንዴት ሳይታወቅ ያልፋል? አንዱ ምክንያት የቋንቋ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሰፋሪዎች «ኳጋ» የሚለውን ስም ለዝንጉርጉር የሜዳ አህዮች ሁሉ ይጠሩበት ነበር። እውነተኛዋ ኳጋ ስታልቅ ስሟ አላለቀም፤ ሌሎቹ ተሸክመውት ሜዳ ለሜዳ ይሮጡ ነበርና «ኳጋ አለች?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ሞልታለች» ይላል። እኔ በስነ ጽሑፍ ወዳጅነቴ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ይህ ነው። የጅምላ ስም ሟችን ከቋሚ ሳይለይ ይሸፍናል።

ነገሩ ከአገራችን ጋርም ይገናኛል። የመጨረሻዋ ኳጋ ከመሞቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1882፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩላቸው። እንስሳው ፈረንሳይ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ኤሚል ኡስታሌ የተባለው ተመራማሪ ሲመለከተው መስመሩ የቀጠነና የተቀራረበ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጆሮው ሰፊና ክብ ነው፤ ከሌሎቹ የተለየ ዝርያ መሆኑን ዐውቆ በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየመው። እስከ ዛሬም የግሬቪ የሜዳ አህያ እየተባለ ይጠራል። ስጦታውን የላኩት ንጉሥም ሆኑ ያፈራው ምድር በስሙ ውስጥ የሉም፤ የተቀባዩ ስም ብቻ ቀረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳይንስ አንዱን የሜዳ አህያ በመዝገቡ ላይ ሲጽፍ፣ ሌላዋ ሳያውቅ ከመዝገቡ ተሰረዘች።

እኛስ? በአማርኛ «የሜዳ አህያ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለት ዝርያዎች ናቸው። አንደኛው በነጭ ሣር ፓርክ የሚታየው ባለ ሰፊ መስመሩ ነው። ሁለተኛው በአፋር በሃላይደጌ ሜዳና በደቡብ በጨው ባሕር አካባቢ የሚገኘው የግሬቪው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የግሬቪ የሜዳ አህያ ቁጥር 15,000 ያህል እንደ ነበር ይገመታል፤ ዛሬ በዓለም የቀረው 3,000 ገደማ ሲሆን አብዛኛው በኬንያ ነው። የእኛው ጥቂት ቢጠፋ «የሜዳ አህያ» የሚለው ስማችን አይጎድልም። በኳጋ የደረሰው በእኛም ቋንቋ ሊደገም የሚችለው በዚህ በር ነው።

ፎቶግራፍ ግን ከለንደኑ በረት ወዲህ ሌላ ሙያ ተምሯል። በጥር 2016 በኬንያ ከ500 በላይ ሰዎች፣ ተመራማሪም ተራ ዜጋም፣ ካሜራ ይዘው ለሁለት ቀን ወደ መስኩ ወጡ። የታዘዙት ነገር አንድ ነው፤ የእያንዳንዱን የግሬቪ የሜዳ አህያ ቀኝ ጎን ማንሣት። የአንዱ እንስሳ ግራና ቀኝ መስመር ስለማይመሳሰል፣ ሁሉም ሰው አንዱን ጎን ካላነሣ ማነጻጸር አይቻልም። የሰበሰቧቸውን 40,000 ያህል ምስሎች ኮምፒዩተር መስመር ለመስመር እያመሳከረ እያንዳንዱን እንስሳ ለየ፤ የኬንያው ቁጥርም 2,350 ያህል ሆኖ ተገመተ። እኔ እንጀራዬ በባንክ መስኮት ፊርማን ከናሙናው ጋር ማመሳከር ስለሆነ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ፈጣሪ በየቆዳቸው ላይ ፈርሞላቸዋል፤ ካሜራው የናሙና ካርዱ ነው። ልዩነቱ፣ የለንደኑ ፎቶግራፍ «ኳጋ ይህን ትመስላለች» ሲል የኬንያው «ይህቺኛዋ ዛሬ እዚህ ነበረች» ማለቱ ነው።

ከኳጋ ለእኛ የቀሩን ቅርሶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በየሙዚየሙ ያለው ቆዳዋ ነው። በ1984 ተመራማሪዎች ከቆዳዋ ላይ ዲኤንኤ አውጥተው አነበቡ፤ ከጠፋ እንስሳ እንዲህ ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር፤ በዚህም የሜዳ አህያ የሥጋ ዘመድ መሆኗ ተረጋገጠ። ሁለተኛው አምስቱ ፎቶግራፎች ናቸው፤ በጭድ የተሞላ ቆዳ የማይነግረንን አቋቋሟንና የአንገቷን አያያዝ ይነግሩናል፤ ነገር ግን ቀለም የላቸውም፤ ድምፅም የላቸውም። ሦስተኛው ስሟ ነው። ጩኸቷን የሰሙት ሰዎች አፍ ላይ ተቀርጾ የቀረው እሱ ብቻ ነው። «ኳጋ» ባልን ቁጥር፣ ሳናውቀው፣ የሞተ እንስሳ ድምፅ ከአፋችን ይወጣል። ካሜራ ያልቻለውን ቃል ችሎታል።

ዛሬ በየእንስሳት ማቆያውና በየፓርኩ ስልኩን ያላነሣ ጎብኚ የለም። ምስሉ ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚጠፋው ከምስሉ ሥር የሚጻፈው ነው። የለንደኗ ኳጋ ለታሪክ የበቃችው መዝገብ ስለ ነበራት ነው፤ የት እንደ ኖረች፣ መቼ እንደ ገባች፣ መቼ እንደ ሞተች ተጽፏል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እንስሳ ስታነሣ ትክክለኛ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ጨምረህ ጻፍ። የትኛው ምስል ስድስተኛው የኳጋ ፎቶግራፍ እንደሚሆን ከወዲሁ የሚያውቅ የለም።

ለእሷም ይህችን ሁለት ስንኝ ትቼ እሰናበታችኋለሁ፤

ስምሽ ድምፅሽ ነበር፣ ድምፅሽም ስም ቀረ፤
ቆዳሽ ሣጥን ገብቶ፣ መስክሽ ባዶ አደረ።

ቸር ይግጠመን።