የክረምት ጎርፍ በልደታ
የአዲስ አበባዋን ልደታ ክፍለ ከተማ አውሎ ነፋስ አያሰጋትም፤ የሚያሰጋት የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ነው። ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። ከእንጦጦ ተራራ ተዳፋት የሚንደረደረው ውኃ አስፋልትና ሲሚንቶ በሸፈነው መሬት ላይ መስረጊያ ስለሚያጣ የከተማዋን ወንዞች በአጭር ጊዜ ይሞላል፤ የጎርፍ መውረጃ ቱቦው በፕላስቲክ ጠርሙስ ከተደፈነማ መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በመዲናዋ የደረሰው ጎርፍ የ7 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ክፉኛ የሚጎዱት ወንዝ ዳር የተጠጉ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ነዋሪው ሰኔ ሲገባ ቦይ ይጠርጋል፣ ደጃፉን አሸዋ በሞላ ጆንያ ይከትራል፤ ዋናውን ቱቦ መጥረግ ግን የመንግሥት ግዴታ ነው። ጎርፍ ቤት ሲገባ መብራትን ከቆጣሪው ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የከተማዋ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይጠራል።