መናኸሪያና ገበያ፤ ከአዲስ ከተማ እስከ ሐዋሳ

ከተማና ገበያ ተነጣጥለው የኖሩበት ዘመን የለም። ከተማ ሲቆረቆር ገበያ ይከተለዋል፤ ገበያም በጸና ጊዜ ከተማ ይሆናል። ይሁን እንጂ ገበያው በየትኛው ስፍራ እንደሚጸና የሚወስነው ከፕላን አውጪው እርሳስ ይልቅ ሰውና ጭነት የሚያርፉበት ቦታ መሆኑን የአገራችን ከተሞች ታሪክ ያስረዳል። በሐዋሳ ከተማ አንዱ ክፍለ ከተማ «መናኸሪያ» ተብሎ መጠራቱም ይህንኑ ያመለክታል፤ አውቶቡስ የሚቆምበት ስፍራ ለአንድ የከተማ ክፍል መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷልና።

በሌላው ዓለም፥ በተለይም በአሜሪካ፥ ከመሐል ከተማ ርቀው የተሠሩት የገበያ ማዕከሎች የግል አውቶሞቢል ያስገኛቸው ናቸው። በትውልዱ ኦስትሪያዊ የነበረው አርክቴክት ቪክቶር ግሩን በሚኒሶታ፥ ኢዳይና በተባለች ከተማ ያቀደው ሳውዝዴል እ.ኤ.አ. በ1956 ሲከፈት፥ ሱቆቹ በአንድ ጣራ ሥር ተሰብስበው ዙሪያቸውን ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ከበባቸው። ግሩን ያሰበው ስፍራው የአካባቢው ሕዝብ መገናኛ እንዲሆን ነበር፤ ይህን ሐሳብ ትተው ሱቅና የመኪና ማቆሚያ ብቻ ያስፋፉትንም በኋላ በብርቱ ነቅፏቸዋል። በኢትዮጵያ ግን ከመሐል ከተማ ርቆ የተተከለው ገበያ የኖረው በእግረኛ፥ በጭነት እንስሳና በአውቶቡስ ነው። ለዚህም ዋነኛው ምሳሌ የአዲስ አበባው መርካቶ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያ የቆመው በአራዳ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እህሉ፥ ቅቤው፥ ማሩና ጨው ከያቅጣጫው ይጎርፍበታል። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ግን፥ ኢኛሲዮ ጉዪዲና ቼዛሬ ቫሌ ባወጡት ፕላን የአውሮፓውያኑ መኖሪያና ንግድ ከኢትዮጵያውያኑ እንዲለይ ተወሰነ። በዚህም መሠረት የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፥ በዚያን ጊዜ የከተማዋ ዳርቻ ወደ ነበረው ሜዳ ተዛወረ። ዝውውሩ የታሰበው ለገዥና ለሻጭ ምቾት ሳይሆን ዘርን ከዘር ለመለየት ነበር።

ለመለያየት ተብሎ ወደ ዳር የተገፋው ገበያ ከነጻነት በኋላ የአገሪቱ ንግድ ልብ ሆነ። ወራሪው ሲባረር «መርካቶ» የሚለው ስም በሕዝቡ አፍ ቀረ፤ አካባቢውም አዲስ ከተማ ተባለ። ለዕድገቱ ብዙ ምክንያት ቢኖርም፥ የአውቶቡስ ተራ ጎረቤቱ መሆን ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ነጋዴ ከአውቶቡስ ወርዶ በእግሩ ሱቅ ይደርሳል፤ የገዛውንም ዕቃ በተሸካሚ አስመጥቶ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ያስጭናል። ሱቆቹም በዕቃቸው ዐይነት ወይም በደንበኞቻቸው አገር እየተሰባሰቡ ሸማ ተራ፥ ምናለሽ ተራ፥ ሲዳሞ ተራ ተባሉ። ተራ ማለት ያለ ጽሑፍ የሚሠራ የንግድ ደንብ ነው፤ ገዥው በአንድ ስፍራ ዋጋ ያነጻጽራል፥ ነጋዴውም በሱቁ ያጣውን ዕቃ ከጎረቤቱ ወስዶ ይሸጣል።

ይሁንና ገበያው በሚያድግበት ልክ መንገዱ አላደገም። መተላለፊያው በጉልትና በዕቃ ተያዘ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፥ አብዛኛው ባለሱቅ ተከራይ ሆኖ ቀረ፤ የራሱ ያልሆነውንም ቤት አሻሽሎ ለመሥራት የሚያተጋው ምክንያት አነሰ። ከ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወዲህ ነጋዴዎች በአክሲዮን እየተደራጁ ፎቅ ሕንጻዎችን ቢያቆሙም፥ በሕንጻዎቹ መካከል ያለው መንገድ ግን ያው ጠባቡ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ሰው ሀብት በበላ ጊዜ፥ የአካባቢው ጥበትና መጨናነቅ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ እጅግ አዳጋች አድርጎት ነበር።

የሲዳሞ ተራ ደንበኞች የሚመለሱበት የደቡቡ መንገድ የሚያልፈው በሐዋሳ በኩል ነው። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፥ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩ ጊዜ፥ አዳሬ ይባል በነበረው የሲዳማ የግጦሽ መሬት ላይ ተቆረቆረች። ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩባቸው። ቆይቶም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ፥ በዲላ በኩል ወደ ሞያሌና ወደ ኬንያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ በመሆኗ፥ ቢሮና ትምህርት ቤት ብቻ ይዛ እንደማትቀር ከመነሻው የታወቀ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 69,169 ሲሆን፥ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 157,879 ደረሰ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሐዋሳ የአዲሱ የሲዳማ ክልል መዲና ሆነች። አንድ ሰው ሲጨመር የሚጨመረው የሚበላው እህል፥ የሚለብሰው ልብስና የሚሳፈርበት መኪና ጭምር ነው። ከጋሪ ወደ ባጃጅ የተደረገው ለውጥም የመንገዱን ጭነት ያሳያል፤ ፈረሱ ቀረ እንጂ መንገደኛው በዛ። መናኸሪያ ባለበት ሁሉ ሻይ ቤት፥ አልጋ ቤት፥ የእህል መጋዘን፥ የልብስ ሱቅና ጉልት መከተላቸው አይቀርም፤ አዛዥ ያዘዘው ሳይሆን ተሳፋሪው የሚጠራው ገበያ ነውና።

እንግዲህ ከአዲስ ከተማ ታሪክ ለሐዋሳ የሚተርፈው ትምህርት ምንድን ነው? አንደኛ፥ መናኸሪያ ከቦታው ሲነሣ አውቶቡሱ ብቻውን አይሄድም፤ የጉልት ቸርቻሪዋና የተሸካሚው እንጀራም አብሮ ይናጋል፤ ስለዚህ የእነርሱ ቦታ በፕላኑ ላይ አስቀድሞ ሊሰመር ይገባል። ሁለተኛ፥ ጭነት የሚራገፍበት ግቢ፥ የእግረኛ መተላለፊያና የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ሕንጻው ከመቆሙ በፊት ካልተለዩ በኋላ በምንም ወጪ አይገኙም። ሦስተኛውና ለሐዋሳ ልዩ የሆነው የውሃው ጉዳይ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ መውጫ የለውም፤ ከገበያና ከመናኸሪያ ታጥቦ ወደ ሐይቁ የገባ ዘይትና ቆሻሻ ወደ ሌላ ስፍራ የሚወስደው ወንዝ የለም። በመሆኑም የገበያው የዝናብ ውሃ መውረጃና የቆሻሻ ማጣሪያ ከሱቁ እኩል የገበያው አካል ነው።

የመርካቶን ፕላን ያወጡት ሰዎች ለንቀት የነደፉትን ስፍራ ሕዝቡ በድካሙ የሀብት ምንጭ አደረገው። ጥበቱን ግን በድካሙ ሊያሰፋው አልቻለም፤ የመንገድ ስፋት የሚወሰነው በመጀመሪያው ቀን፥ በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ነውና። ሐዋሳን የመሰሉ ከተሞች ገና በማደግ ላይ ሳሉ ይህን ማሰብ የሙያው ድርሻ ነው።