የሔለንስበርግ ቤቶችና የፊዩ ውል

በምዕራብ ስኮትላንድ፣ ከግላስጎው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በክላይድ ወንዝ ሰፊ አፍ ዳርቻ የምትገኘው ሔለንስበርግ ዛሬ የምትታወቀው በቪላዎቿና ማለዳ በባቡር ወደ ግላስጎው ሄደው ማታ በሚመለሱ ነዋሪዎቿ ቢሆንም፣ ስትቆረቆር የታሰበላት ዕጣ ይህ አልነበረም። ባለመሬቱ ሰር ጄምስ ኮሁን በ1776 እ.ኤ.አ. በግላስጎው ጋዜጣ ባወጡት ማስታወቂያ የባሕር ዳር መሬታቸውን ለቤት መሥሪያ እንደሚሰጡ ሲያስታውቁ፣ ይመጣሉ ብለው የጠበቁት ቆብ ሠሪዎችንና የበፍታና የሱፍ ሸማኔዎችን ነበር። ከተማይቱ በኋላ በባለቤታቸው በሔለን ስም ብትጠራም የሸማኔ ከተማ ሳትሆን ቀረች።

መሬቱ የሚሰጥበት ሥርዓት «ፊዩ» ይባል ነበር፤ ተቀባዩ መሬቱን ለዘለቄታው ይዞ መሸጥና ማውረስ ሲችል፣ «የበላይ» ለሚባለው ባለመሬት ግን በየዓመቱ የተቆረጠ ገንዘብ ይከፍል፣ በውሉ የሰፈሩትን ግዴታዎችም ይጠብቅ ነበር። በእንዲህ ያለ ውል ባለመሬቱ የሚሠራውን ቤት ዓይነት ሊወስን፣ በግቢው ውስጥ የንግድ ሥራ እንዳይካሄድ ሊከለክል ይችል ነበር፤ ግዴታው ከሰው ይልቅ ከመሬቱ ጋር የተቆራኘ ስለነበረና ሰነዱም ከ1617 ጀምሮ በሚሠራበት የመሬት መዝገብ ስለሚገባ፣ ቤቱ ስንት ጊዜ ቢሸጥ አዲሱን ገዥ ተከትሎት ይሄድ ነበር። የዓመቱ ክፍያ ከዘመን ዘመን የገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ ግዴታው ግን እንደ ጠነከረ ቆየ።

ከተማይቱን የለወጣት እንፋሎት ነው። የመጀመሪያው ከንቲባዋ ሄንሪ ቤል በ1812 «ኮሜት» የተባለችውን መርከብ በግላስጎው፣ በግሪኖክና በሔለንስበርግ መካከል ሲያሰማሩ፣ በአውሮፓ ለንግድ የዋለ የመጀመሪያው የእንፋሎት መርከብ አገልግሎት ተጀመረ፤ ቤተሰባቸው በከተማይቱ የመታጠቢያ ሆቴል ያስተዳድር ስለነበረ፣ መርከቢቱና የእንግዳው ገበያ ተለያይተው እንዳልታሰቡ መገመት አይከብድም። በ1858 የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ደግሞ ለበጋ ዕረፍት ብቻ ይመጡ የነበሩ የግላስጎው ነጋዴዎች ዓመቱን ሙሉ በባሕሩ ዳር እየኖሩ ሥራቸውን በከተማ ማካሄድ ቻሉ። በኮረብታው ላይ ቀጥ ባሉ ሰፋፊ መንገዶች የተዘረጉት የቪላ ሰፈሮች የዚህ ፍሬ ናቸው። ከሁሉም የታወቀው፣ ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ለአሳታሚው ዋልተር ብላኪ ነድፎት በ1904 የተጠናቀቀው «ሂል ሃውስ» ነው።

የፊዩ ክፍያ ፍጻሜ የመጣው በራሱ በቤት ሽያጭ በኩል ነበር፤ በ1974 የወጣ ሕግ አዲስ ክፍያ መጣልን ከልክሎ፣ የቆየውም ቤቱ ሲሸጥ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ እንዲዘጋ አዘዘ። ሥርዓቱ ራሱ በኅዳር 28 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ተሻረ። ዛሬ በስኮትላንድ ቤት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ መነሻ ዋጋ ተነግሮ፣ ተፈላጊ ሲሆንም ገዥዎች እስከ ተቆረጠ ቀን የታሸገ ዋጋ አቅርበው ነው፤ ውሉ የሚጸናው የሁለቱ ወገን ጠበቆች በሚለዋወጧቸው «ሚሲቭ» በሚባሉ ደብዳቤዎች ሲሆን፣ ከ2008 ወዲህ ሻጩ የቤቱን ይዞታ የሚገልጽ የባለሙያ ሪፖርት አስቀድሞ ማቅረብ አለበት። የገዥው ጠበቃ ግን አሮጌውን የፊዩ ሰነድ ማገላበጡን አልተወም፤ የበላዩ መብት ቢሻርም አንዳንዶቹ ግዴታዎች ወደ ጎረቤቶች ተላልፈው ስለሚጸኑ፣ በአትክልቱ ስፍራ ሌላ ቤት ለመሥራት ወይም ቪላውን ከፋፍሎ ለመሸጥ ያሰበ ገዥ ዋጋ ከመጻፉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው።